ላፕቶፑ ዋይፋይ ይዞ ዴስክቶፑ "ኖ ኢንተርኔት" ሲል

ማራኪ አካባቢ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ያላት እህታችን ነች የጠየቀችኝ። ላፕቶፗ ዋይፋይ ይዟል፣ ዴስክቶፑ ግን የዋይፋይ ካርድ የለውም፣ ተማሪዎች ደግሞ ፋይላቸውን ከኢሜይል አውርደው ፕሪንት ማስደረግ የሚፈልጉት ፕሪንተሩ ያለበት ዴስክቶፕ ላይ ነው። ሁለቱን በኔትወርክ ኬብል ብታገናኛቸው "አንአይደንቲፋይድ ኔትወርክ" ብሎ ቀረ፣ ኬብል ሁለቴ ቀይራለች፣ ያው ነው።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሶስተኛ ኬብል እንዳትገዢ። ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ጎን ትንንሽ መብራቶች አሉ፣ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ከበሩ ኬብሉ ደህና ነው። ድሮ ሁለት ኮምፒውተር ፊት ለፊት ለማገናኘት ክሮስ ኬብል (ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ቦታ የተቀያየሩበት) የግድ ነበር፣ አሁን ግን ጊጋቢት ካርድ (ፈጣኑ የኔትወርክ ካርድ) ያለው ማሽን ራሱ ያስተካክለዋል፣ ሁለቱም በጣም አሮጌ ካልሆኑና መብራቱ እምቢ ካላለ በቀር ስለ እሱ አታስቢ።

ፒያሳ እኔ ጋ በዚህ ችግር የሚመጣ ሰው አብዛኛው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፣ ሼሪንጉን፣ ማለትም ኢንተርኔት ማጋሪያውን፣ ኬብሉ ላይ ይከፍተዋል። ኢንተርኔቱ ያለው ዋይፋዩ ላይ ነው፣ የሚያጋራውም እሱ ነው፣ ስለዚህ ምልክቱ እሱ ላይ ነው የሚደረገው። ኬብሉን ሰክተሽ ሁለቱንም ኮምፒውተር ካበራሽ በኋላ ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና አር አንድ ላይ ተጫኚና ኤን ሲ ፒ ኤ ነጥብ ሲ ፒ ኤል ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ ኢንተር በይ። የኔትወርክ ካርዶቹ ዝርዝር ይመጣል፣ ዋይፋዩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዛ ሼሪንግ የሚለውን ክፈቺና "አላው አዘር ኔትወርክ ዩዘርስ" ብሎ የሚጀምረውን ምልክት አድርጊበት፣ ከስሩ ምርጫ ካመጣ ኢተርኔት የሚለውን መርጠሽ ኦኬ። "ብሪጅ" የሚል ነገር ካየሽ አትንኪው፣ በዋይፋይ ብዙ ጊዜ አይሰራም፣ የሚሰራውንም ያበላሽብሻል።

ይሄን ስታደርጊ የላፕቶፑ ኬብል በኩል ራሱ 192.168.137.1 የሚል አድራሻ ይይዛል፣ ለዴስክቶፑም 192.168.137 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ያድለዋል። አሁን ዴስክቶፑ ላይ ሲ ኤም ዲ ከፍተሽ አይፒኮንፊግ ብለሽ ጻፊና ኢተርኔት ከሚለው ስር ያለውን አይፒ ቪ 4 ተመልከቺ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ቁጥር ላይ ነው ያለው። በ169.254 ከጀመረ ዴስክቶፑ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው አጥቷል ማለት ነው፣ ወይ ሼሪንጉ አልተከፈተም ወይ ላፕቶፑ ላይ ያለው አንቲቫይረስ ዘግቶታል። 192.168.1 ምናምን ከሆነ ደግሞ ድሮ የሆነ ሰው በእጁ የሞላው አድራሻ ነው። እኔ አዘዞ አንድ ጽሕፈት ቤት ግማሽ ቀን የፈጀሁት በዚህ ነው፣ ዴስክቶፑ ሌላ ቢሮ ሲሰራ ቆይቶ የተገዛ ነበርና የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ነው የመጣው፣ ላፕቶፑን ስፈትሽ ስፈትሽ ጥፋቱ እዛኛው ላይ ተኝቷል። መፍትሄው ዴስክቶፑ ላይ የኢተርኔት ፕሮፐርቲስ ውስጥ አይፒ ቪ 4ን ከፍተሽ ሁለቱንም፣ ላይኛውንም የዲኤንኤሱንም (የድረገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን)፣ አውቶማቲክ ማድረግ ነው።

አንድ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምርልሽ። ላፕቶፑ ዋይፋይ የሚይዘው ከሌላ ሰው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ሆትስፖት ከሆነ እሱም በ192.168.137 ነው የሚያድለው፣ በዋይፋዩም በኬብሉም በኩል ተመሳሳይ ቁጥር ሆኖ ይጋጭና ምንም ብታደርጊ እምቢ ይላል። ከስልክ ሆትስፖት ወይም ከራውተር ከሆነ ይሄ ችግር የለም።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ዴስክቶፑ ሲ ኤም ዲ ላይ ፒንግ 192.168.137.1 በይ (ፒንግ ያኛው ወገን ይመልስ እንደሆነ መሞከሪያ ነው)፣ ከመለሰ ፒንግ 8.8.8.8፣ ይሄ ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል ዲኤንኤስ አድራሻ ነው። የመጀመሪያው መልሶ ሁለተኛው ካልመለሰ ላፕቶፑ ራሱ ኢንተርኔት መያዙን እይ፣ ቪፒኤን ከፍተሽም ከሆነ ዝጊው። ሁለቱም መልሰው ድረገጽ ብቻ እምቢ ካለ ዲኤንኤስ ነው፣ 8.8.8.8ን ዴስክቶፑ ላይ እዛው አይፒ ቪ 4 ውስጥ ዲኤንኤስ የሚለው ቦታ በእጅሽ ሙዪው።

መብራት ሄዶ ከመጣ ወይም ላፕቶፑ ሪስታርት ካደረገ በኋላ ሼሪንጉ እንደተከፈተ እየታየ የማይሰራበት ጊዜ አለ፣ የዊንዶውስ 10 የታወቀ ጸባይ ነው። ምልክቱን አጥፍተሽ ኦኬ፣ መልሰሽ አድርገሽ ኦኬ በይ፣ ይነሳል። ላፕቶፑን ስትከድኚው እንዳይተኛም ፓወር ኦፕሽንስ ገብተሽ ክዳን ሲዘጋ "ዱ ናቲንግ" አድርጊው፣ እሱ ከተኛ ዴስክቶፑም ይቋረጣል።

በፓኬጅ የምትጠቀሚ ከሆነ ግን ይሄን ሳታደርጊ ደንበኛ አታስገቢ፦ ዴስክቶፑ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ሳያገኝ ስለቆየ ልክ እንዳገኘ አፕዴት ማውረድ ይጀምርና ብርሽን ይበላዋል። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ኢተርኔት ገብተሽ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሪው፣ ዴስክቶፑ ላይ ነው ታዲያ፣ የላፕቶፑ ለሱ አይሰራለትም።