ግጥም ለምትጽፉ ልጆች፦ ዱ ፉን አንብቡ

ልጆች፣ የወጣቶችን ግጥም ሳርም ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ልቤ ተሰበረ»፣ «አንጀቴ አረረ» ትላላችሁ፤ ልባችሁን የሰበረው ነገር ግን ግጥሙ ውስጥ የለም። ታዲያ አንባቢው ምኑን ይይ?

ቻይናዊውን ዱ ፉን እዩልኝ። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ712 እስከ 770 የኖረ ገጣሚ ነው። በ755 አን ሉሻን የተባለ የጦር አዛዥ አምፆ አገሩ ታመሰ። ዱ ፉም በአማፅያኑ እጅ ወድቆ ዋና ከተማው ቻንግአን ውስጥ ቀረ፤ ሚስቱና ልጆቹ በስተሰሜን ርቀው ነበር። ያኔ ስለ ጨረቃ አንድ ግጥም ጻፈ። ሌላው ቢሆን «ጨረቃን ሳይ ናፈቅሽኝ» ይል ነበር። እሱ ግን ራሱን ትቶ ጨረቃዋን ብቻዋን የምታየውን ሚስቱን፣ ጭጋግ ያረጠበው ፀጉሯን፣ የቀዘቀዘ ክንዷን፣ ቻንግአንን ማሰብ ገና የማያውቁትን ሕፃናት አሳየን። ናፍቆቱ የገባን በእሷ በኩል ነው። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የናፍቆት ግጥም አላውቅም።

ደግሞ ይህን ሁሉ የጻፈው በጥብቅ ሕግ ነው። ስምንት ስንኝ፣ በያንዳንዱ አምስት ወይም ሰባት ቃል፣ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ የተመጠነ፤ የመሃሉ አራት ስንኞች ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቃል ለቃል ይመዛዘናሉ። በ757 ስለዚያው ከተማ ጸደይ ሲጽፍ አገር ፈርሷል፣ ተራራና ወንዙ ግን አለ፤ ከተማው ውስጥ ሣሩ በዝቷል ይላል። ሣሩ የበዛው የሚረግጠው ሰው ስለጠፋ ነው ብለው የሚያነቡት አሉ፣ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። መጨረሻው ላይ የምናገኘው ምንድን ነው? ከመመናመኑ የተነሳ የፀጉር መያዣ እንኳ መሸከም ያቃተውን የራሱን ሽበት። ስለ አገር መፍረስ በጀመረ ግጥም!

ቤት መምታት ስሜታችንን ያስርብናል የምትሉ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡበት።

በኋላ ቼንግዱ የተባለ ከተማ ሳለ የመኸር ነፋስ የጎጆውን ሳር ክዳን ወሰደበት። የሰፈር ልጆች ሳሩን ይዘው ሮጡ፣ ሌሊት ዝናብ ገባ፣ አሮጌውን ብርድ ልብስ ልጁ በእንቅልፉ ረግጦ ቀዶታል። ይህን ሁሉ ካሳየን በኋላ ነው ድሃ ሊቃውንትን ሁሉ የሚያስጠልል፣ ክፍሉ የማያልቅ ቤት የተመኘው፤ ያ ቤት ከተገኘ የኔ ጎጆ ብቻ ይፍረስ፣ እኔም በብርድ ልሙት አለ። እናንተ ግን በቀጥታ ወደ ምኞቱ ትሮጣላችሁ። ስለ ሕዝብና ስለ ድህነት የጻፋችሁትን ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን የተቀደደ ብርድ ልብስ ነው።