ሦስት ሰዓት ቁጭ ብዬ ምንም አልገባኝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ማትሪክ እየደረሰ ነው። ማታ ማታ ስልኬን ለእናቴ ሰጥቼ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከወንበሬ ሳልነሳ እቸክላለሁ። የፊዚክስ ደብተሬ በሃይላይተር ቢጫ ሆኗል፣ ፎርሙላውንም በሙሉ ሸምድጃለሁ። ፈተና ላይ ግን ጥያቄው ትንሽ ዞር ካለ ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል። አስተማሪያችን «ትኩረት የለሽም» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ «ማሰብ ታበዣለሽ» ይላል። ማሰብና ማተኮር አንድ አይደሉም እንዴ? እኔ የጎደለኝ የቱ ነው?

መልስ፦ አስተማሪሽም ወንድምሽም የሳቱት ይመስለኛል። ሦስት ሰዓት ያለ ስልክ የምትቀመጥ ልጅ ትኩረት የላትም? በዚህ ዘመን ስንቱ ትልቅ ሰው ነው ሩብ ሰዓት እንኳ የሚችለው! ማሰብ አብዝተሽም አይደለም። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት የጎደለሽ ማሰቡ ራሱ ነው።

ማተኮር ቀልብን አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው፤ ሌላውን ትዘጊና አንዱን ትይዣለሽ። ማሰብ ደግሞ የያዝሽውን ማገላበጥ ነው፤ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ባይሆንስ፣ ከዚያኛው ጋር ምን አገናኘው እያሉ መጎርጎር። ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነበር፤ ሁሌ ግን አይሄዱም። ምስር ስትለቅሚ ዓይንሽም እጅሽም እዚያው ነው፣ ጠጠር አያመልጥሽም፣ ስለ ምስሩ ግን ምንም እያሰብሽ አይደለም። ደብተር በሃይላይተር ማቅለምም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ነጭና ጥቁር የለበሱ ልጆች ኳስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው፤ ተመልካቹ የአንዱን ቡድን ቅብብል እንዲቆጥር ይነገረዋል። መሃል ላይ የጎሪላ ልብስ ያጠለቀ ሰው ገብቶ ደረቱን ደቅቶ ይወጣል። ግማሽ ያህሉ ሰው ጭራሽ አላየውም! ትኩረት አንሷቸው ሳይሆን ያላቸውን በሙሉ ለቆጠራው ስለሰጡት ነው። ትኩረት ያዘዝሽውን ብቻ ነው የሚያመጣልሽ። አንቺ ፎርሙላ እንዲይዝልሽ አዘዝሽው፣ ያዘልሽ፣ አለቀ።

እስኪ ከራስሽ ፊዚክስ እንውሰድ። በሰከንድ 20 ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ያዘ እንበል፤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ4 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። ስንት ሜትር ሄዶ ይቆማል? ፎርሙላው ውስጥ ትከቺዋለሽ፣ 50 ሜትር ይወጣል። ለዚህ ትኩረት ይበቃል፣ ቁጥር አለማሳሳት ነው። ፈታኙ ግን ዞር ያደርገዋል፦ የመነሻ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆንስ? ብዙ ልጅ ቸኩሎ 100 ይላል። መልሱ 200 ነው። ለምን አራት እጥፍ? እዚህ ጋ እርሳሱን አስቀምጪና ጣሪያ ጣሪያውን እዪ። መኪናው ለመቆም ቀድሞ 5 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፣ አሁን 10 ይፈጅበታል። ጊዜው እጥፍ ሆነ። በዚያ ላይ በአማካይ በሰከንድ የሚሄደውም ከ10 ሜትር ወደ 20 አደገ። ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት። ይሄን ራስሽ ከደረስሽበት ፈታኙ መኪናውን ባጃጅ ቢያደርገው፣ ቁጥሩን ቢገለባብጠው ምን ግድሽ? እናትሽ «ምን ታፈዣለሽ» ካሉሽ እያጠናሁ ነው በያቸው።

ሦስት ሰዓት ሳትነሺ መቀመጡን ግን ተዪው። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ ብሪታንያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን ለሁለት ሰዓት እንደ ሰዓት የምትዞር አንዲት መርፌ እያዩ አልፎ አልፎ ድርብ ስትዘል እንዲናገሩ አድርጎ ነበር፣ የጦር አውሮፕላን ራዳር የሚጠብቁት ለምን እንደሚያመልጣቸው ሊያውቅ። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ብዙ ዝላይ ያመልጣቸው ጀመር። ስለዚህ ተነሺ፣ ውኃ ጠጪ፣ ግቢው ውስጥ ዞር ዞር በዪ። ማሰብ ከወንበር ስትነሺ አይቆምም። አንሪ ፑዋንካሬ የሚባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ሲታገለው የከረመው ነገር መልሱ የመጣለት ለጉዞ ወጥቶ እግሩን አውቶቡስ ላይ ሲያነሳ ነው፤ ራሱ ነው የተናገረው። ቀድሞ ግን ጠረጴዛው ላይ ለሳምንታት ታግሎ ነበር፣ ይሄን እንዳትረሺ። ሳይታገሉ አውቶቡስ መሳፈር ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ከመዋል አይሻልም።

ወንድምሽንም ሥራ ስጪው። ደብተር ሳታዪ አንድ ጥያቄ አስረጂው። የምትንተባተቢባት ቦታ፣ ያልገባሽ እሷ ናት፤ ሃይላይተሩን እዚያ ላይ ብቻ ተጠቀሚ።

ጥያቄ፦ ባለ ሱቅ ነኝ፣ ዕድሜዬ 50 አልፏል። ቀን ሥራዬ ላይ ደህና ነኝ። ሌሊት ግን የዱቤውን፣ የኪራዩን፣ የልጆቹን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ይነጋል። ይሄም ማሰብ ይባላል?

መልስ፦ አይባልም፣ ወንድሜ። ማሰብ ቢዘገይም የሆነ ቦታ ያደርሳል። የእርስዎ ግን ከዱቤ ወደ ኪራይ፣ ከኪራይ ወደ ዱቤ ነው። በጨለማ ደግሞ ሁሉም ዕዳ ትልቅ ነው። ከመተኛትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ወስደው የነገውን ይጻፉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት፣ የሚቀጥሉትን ቀናት ሥራ የጻፉ ሰዎች የሠሩትን ከጻፉት ወደ 9 ደቂቃ ቀድመው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አሳይቷል። 9 ደቂቃ ተአምር አይደለም፣ ግን ነጻ ነው። በደፈናው «ዱቤ» ብለው አይጻፉ፤ «ለእገሌ ጠዋት ደውዬ ግማሹን እጠይቃለሁ» ይበሉ። ሳምንታት አልፈውም እንቅልፍ እምቢ ካለ ሐኪም ያነጋግሩ፤ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ይንገሩት፣ አንዳንዱ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል።