ቮልሷ ስትነሳ ለምን ጮኸች?

አንድ የአዲስ አበባ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ከአባቴ የቀረችኝ በፈረንጆች የ1965 ስሪት ቮልስ አለችኝ። የቀኝ የኋላ ጎማዋ ተነፈሰብኝ። ስኮርታውን ልቀይር ብዬ በራሷ ክሪክ ከጎን ሳነሳት ሲጥ ሲጥ ካለች በኋላ ጧ አለች። በሩም አልዘጋ አለኝ። ደንግጬ መልሼ አወረድኳት። ጎረቤቴ ‹ከሞተሩ ሥር አንሳት፣ እዚያ ጠንካራ ነው› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ደግ አደረግክ ማውረድህ። የጎረቤትህን ምክር ግን እንዳትሞክረው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ቮልስ በሁለቱም ጎኗ፣ ከኋላ ጎማው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከመርገጫው ሥር አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ብረት አላት። የክሪኩ ክንድ የሚገባው እዚያ ነው። መኪናዋ አዲስ ሳለች ምንም አይወጣለትም ነበር። ነገር ግን ይህ ብረት የተበየደው ከወለሉ ጠርዝ ጋር ነው፤ ወለሉ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ያንተው ወደ 60 ዓመት ገደማ ጭቃ ሲለጠፍበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሲርስ የኖረ ቆርቆሮ ነው።

በቀኝ በኩል መሆኑም አልገረመኝም። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። አሲዱ ጠብ ባለ ቁጥር ወለሉን ከላይ ይበላዋል፣ ጭቃው ከታች ያግዘዋል። ስለዚህ መቀመጫውን አንሳ፣ ባትሪውን አውጣ፣ ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ እያደረግክ አዳምጥ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል። የበሰበሰው ካርቶን የመታህ ያህል ድፍን ይላል። የካቻቢቴው ጫፍ ሲጫን ዘልቆ ከገባ፣ ወለሉ አልቋል ማለት ነው። እግረ መንገዴን ልንገርህ፣ ባትሪውን ስትመልስ ላዩን በጎማ ወይም በፕላስቲክ ክዳን ሸፍነው። የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ፖል ነክቶ የተቃጠለች ቮልስ ጥቂት አይደለችም።

በሩ አልዘጋ ያለህ መኪናዋ ስለታጠፈች ነው። ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ባዶ ብረት፣ ያው የማሞቂያው አየር የሚያልፍበት፣ የመኪናዋ የጎድን አጥንት በለው። እሱ ከዛገ፣ ከጎን ስትነሳ ወገቧ ይሰበራል። ስለዚህ ያ ቀዳዳ በደንብ እስኪጠገን ድረስ ክሪክ አይገባበትም።

አሁን ወደ ጎረቤትህ። የቮልስ ሞተር ቤት የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ቀላል ነው፣ ግን መገፋት አይወድም። ከሥሩ ዘይት የሚደፋበት ክብ ክዳን አለ፣ በ6 ትንንሽ ዳዶ የታሰረ ስስ ብረት። ከግራና ከቀኝ ደግሞ ከሞተሩ ወደ ቴስታዎቹ፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሮቹ ክዳኖች፣ የሚሄዱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ጎበጥ ካለ ዘይት ማንጠባጠቡን አይተውም። ልጅ ሆኜ ጋራዥ ስገባ እኔም ክሪኩን እዚያው ክዳን ላይ አሳርፌ አውቃለሁ። ጎማው በ10 ደቂቃ ተቀየረ። የፈሰሰውን ዘይት ስጠርግና ክዳኑን ሳቀና ግን መሸ።

ታዲያ የት ይነሳ? ከመኪናዋ ሥር በባትሪ መብራት ተመልከት። ከኋላ ጎማዎቹ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አግድም የሚያልፍ ወፍራም ክብ ቱቦ ታያለህ። የኋላው ቶርሽን ባር፣ ያው እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ብረት፣ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ የመኪናዋን የኋላ ክብደት የሚሸከመውም እሱ ነው። የሃይድሮሊክ ክሪክ ተዋስና ከዚህ ቱቦ ሥር፣ ወደ ጎማው በቀረበው ጫፍ በኩል አስገባ። በመካከሉ ወፍራም እንጨት አድርግበት፣ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። ከክሪኩ ሥር ያለው መሬት አፈር ከሆነ ለእሱም ጣውላ አንጥፍለት።

ከማንሳትህ በፊት አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ማርሽ አስገብቻለሁ፣ የት ትሄዳለች» ይላሉ። አንድ የኋላ ጎማ አየር ላይ ከሆነ ማርሽ መኪናዋን አይዛትም። ዲፈረንሻሉ፣ ያው ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው፣ ያንን በአየር ላይ ያለውን ጎማ ያሽከረክርና መኪናዋ ትሄዳለች። የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው የኋላዎቹን ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ገመድ አለው። ስለዚህ መሬት ላይ የቀረችህ ግራዋ ብቻ ናት፤ የእሷ ገመድ ደግሞ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ማርሹንም የእጅ ፍሬኑንም አስገባ፣ ግን ተስፋህን በታኮ ላይ ጣል። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግባቸው። ክብ ድንጋይ ሳይሆን ስል ጠርዝ ያለው ድንጋይ ወይም እንጨት። ተዳፋት ኮብልስቶን ላይ ከሆንክ ደግሞ ይቅርብህ፣ ገፍተህ ሜዳ ላይ አውጣት።

ቡሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ አላላቸው። ኮፓው በጫፉ በኩል በሁለት ቀዳዳ ስለሚሳብ ጠንካራ ሽቦ አጥፈህ መንጠቅ ትችላለህ፣ በካቻቢቴ ስትጎረጉር ቀለሙ ይላጣል። ያንተዋ 5 ቡሎን አላት፣ መፍቻዋ 19 ነው። በሁለቱም ጎን ወደ ግራ ነው የሚፈታው። አልበገር ካለህ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት አርከፍክፈህ ሻይህን ጠጣ፣ ከዚያ መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተህ ቀስ ብለህ ተጫነው። በእግርህ አትዝለልበት። ሩብ ዙር ካላሉ ይበቃል፣ ቀሪው ከተነሳች በኋላ በእጅ ይወጣል።

አሁን አንሳት። ጎማው ከመሬት 3 ወይም 4 ሳንቲም ሲለቅ አቁምና የብረት መቆሚያ ከዚያው ቱቦ ሥር አስገባ። መቆሚያ ከሌለህ፣ ጎማውን ስታወጣ ስኮርታውን ከመርገጫው ሥር አስተኛው፤ ክሪኩ ቢያመልጥ መኪናዋን እሱ ይቀበላታል። እጅህንም እግርህንም ሥሯ አታስገባ።

ስትነሳ ጎማው ሥሩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ይንሻፈፋል። አትደንግጥ። ያንተዋ ዓይነት ቮልስ የኋላ እግሯ ከካምቢዮው ዘንድ ስለሚታጠፍ ክብደት ሲነሳላት እንዲህ ታደርጋለች።

መግጠሙ ነው አስቸጋሪው። ጎማው የሚታሰረው በቡሎን እንጂ ከታምቡሩ በወጣ ብሎን ላይ በሚጠብቅ ዳዶ ስላልሆነ የምትሰቅልበት ነገር የለም፣ በአንድ እጅ ይዘህ በሌላው ቀዳዳ ትፈልጋለህ። መላው እንዲህ ነው፦ አንድ አሮጌ ቡሎን ጭንቅላቱን በመጋዝ ቁረጥና ታምቡሩ ላይ በእጅህ አስገባው። ጎማውን እሱ ላይ ስቀል፣ አራቱን አስር፣ ከዚያ እሱን አውጥተህ አምስተኛውን ተካ። ቡሎኖቹ ቸርኬው ላይ የሚያርፉበት በኩል ክብ ናቸው። ከሌላ መኪና የመጣ ሾጣጣ ቡሎን እዚያ በትክክል አይቀመጥም፣ ስለዚህ ሻጩ «ያው ነው» ቢልህም አትግዛው። ሲጠብቁ ተራ በተራ ሳይሆን አንዱን እየዘለልክ ሂድ። የመጨረሻው ጥብቂያ መሬት ላይ ነው።

ካወረድካት በኋላ ከኋላ ብድግ ብላ፣ ጎማዋ እንደተንሻፈፈ ትቀራለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ምን ሰበርኩ?» ብሎ ይደውልልኛል። ታኮውን አንሳ፣ ጥቂት ሜትር ወደፊት ወደኋላ ግፋት፣ ራሷ ትስተካከላለች። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ደግሞ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቅ።