ሮኬቱ መጠቀ ወይስ ተወነጨፈ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዜና በአማርኛ እየጻፍኩ የማጋራ ወጣት ነኝ። የጠፈር ዜና ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ይያዛል። ሮኬት ልበል ወይስ መንኮራኩር? መጠቀ ወይስ ተወነጨፈ? ጠፈር ወይስ ህዋ? ስለ አሜሪካው የጠፈር ኩባንያ ስለ ስፔስኤክስ አምስተኛው የስታርሺፕ ሙከራ «ጥቅምት 13 ቀን 2024 የተወነጨፈችው መንኮራኩር ምህዋር ላይ ከተቀመጠች በኋላ ተመልሳ በማማው ተያዘች» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ አንባቢ «ይህ አማርኛ አይደለም» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «አማርኛ ለሳይንስ አልተሠራም፣ የውጭውን ቃል እንዳለ ጻፈው» ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ደህና ነኝ ወንድሜ። ዓረፍተ ነገርህን ስለላክልኝ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ጥያቄህ ሁሉ እሱ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ግን ጓደኛህ። ግማሹን ልክ ነው። ሮኬት፣ ሳተላይት፣ ቴሌስኮፕ የሚሉትን ቃላት ማንም ያውቃቸዋል። በእነሱ ምትክ አዲስ ቃል ልፍጠር ብለህ አትድከም። ስም እንደ ዕቃ ነው፣ ዕቃው ከመጣበት አገር ስሙም አብሮት ይመጣል። ሳተላይት ራሱ እኮ ከላቲን የመጣ ነው፣ «አጃቢ» እንደማለት። ሩሲያውያን እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያዋን ሲያመጥቁ «ስፑትኒክ» አሏት፣ የመንገድ ጓደኛ ማለታቸው ነው። ሁሉም ይዋሳል፣ ሁሉም ይተረጉማል።

ጓደኛህ የሚሳሳተው ግስ ላይ ነው። ዜና የሚቆመው በግስ ነው። ምን ሆነ ለሚለው መልሱ ግስ ነው። አማርኛ ደግሞ በግስ ሀብታም ነው፣ የምር ሀብታም። ስሙን ተዋስ፣ ግሱን ግን ከእናትህ ቋንቋ አውጣ። እኔ ስለ ሳይንስ ዜና አጻጻፍ ያለኝ አቋም ይኸው ነው። የአንተ ዓረፍተ ነገር የተበላሸውም በውጭ ቃል ብዛት አይደለም። ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው። ግሶቹ ግን ያልሆነውን ነገር ይናገራሉ።

«መንኮራኩር» ከሚለው እንጀምር። ቃሉ የግእዝ ነው። ከመንከባለል፣ ከመሽከርከር ጋር የተያያዘ ነው፣ ትርጉሙም የሠረገላ እግር ነበር። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 ነቢዩ በራእይ ያየው በመንኮራኩር ውስጥ ያለ መንኮራኩር ይኸው ነው። ዛሬ ቃሉ ከምድር ተነስቶ ጠፈር ውስጥ ለሚጓዝ መርከብ ስም ሆኗል። አንዳንዶች «ስህተት ነው፣ ጎማ ማለት ነው» ብለው ይከራከራሉ። እኔ አልስማማም። ቃል ትርጉሙን ያሰፋል፣ ሕዝቡም ተቀብሎታል፣ በቃ።

ችግሩ ሌላ ነው። መንኮራኩር ተጓዧ ናት። ሮኬት ደግሞ ገፊው ነው። ሰዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ያሳረፈውን የአፖሎ 11 ጉዞ አስብ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከምድር የተነሳው ሮኬት ከ110 ሜትር በላይ ቁመት ነበረው። ሦስቱን ሰዎች ይዛ ተመልሳ ውቅያኖስ ላይ ያረፈችው ክፍል ግን ቁመቷም ስፋቷም 4 ሜትር አይሞላም። ያ ሁሉ ግዙፍ ነገር ነዳጁን እየጨረሰ በየደረጃው ተጥሏል። ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠራሃቸው አንባቢህ ምን ሄዶ ምን እንደተመለሰ አያውቅም። አንተ በጻፍከው ሙከራ ላይም ማማው፣ ሮኬቱ የሚነሳበት ረጅሙ የብረት ግንብ፣ የያዘው መንኮራኩሯን አይደለም። የያዘው ገፊውን ነው፣ ሱፐር ሄቪ የሚባለውን፣ ወደ 70 ሜትር የሚረዝመውንና 33 ሞተሮች ያሉትን ታችኛውን ክፍል። መንኮራኩሯ መንገዷን ቀጥላ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነው የወረደችው።

አሁን «ተወነጨፈ»። ሥሩ ወንጭፍ ነው። ወንጭፍ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ። ድንጋዩን አዙረህ አዙረህ ትለቀዋለህ፣ ከእጅህ ከወጣ በኋላ ድንጋዩ የራሱ ጉልበት የለውም፣ በሰጠኸው ኃይል ይሄዳል፣ ከዚያ ይወድቃል። ሮኬት እንዲህ አይደለም። ነዳጁንም፣ ነዳጁን የሚያቃጥልበትን ኦክስጅንም ራሱ ተሸክሞ፣ ራሱን እየገፋ፣ መጀመሪያ ዝግ ብሎ ከዚያ እየፈጠነ ነው የሚወጣው። ምህዋር እስኪደርስ ብዙ ጊዜ 8 ደቂቃ፣ 9 ደቂቃ ይገፋል። ለዚህ «መጠቀ» የሚለው ግስ ልክክ ይላል። መምጠቅ ከፍ እያሉ መራቅ ነው። የመጠቀ ሐሳብ፣ ምጡቅ አእምሮ የምንለው ከዚያው ነው።

እንዲያውም ወንጭፉን አትጣለው፣ ቦታው ሌላ ነው። ባለስቲክ ሚሳኤል በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ተገፍቶ ሞተሩ ሲጠፋ ቀሪውን መንገድ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ሚሳኤል ተወነጨፈ፣ ሮኬት መጠቀ። ሁለት ግስ አለን፣ ሁለት የተለያየ ነገርም አለ። እንዲህ ያለ ዕድል ሁሉም ቋንቋ አያገኝም፣ ታዲያ ለምን እናደባልቃቸዋለን?

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። «ሳተላይቷ አመጠቀች» የሚል አያለሁ። ሳተላይቷ ራሷ መጠቀች ነው። ያመጠቀው ሌላ ነው፣ አገሪቱ ወይም ኩባንያው።

ወደ ምህዋር እንለፍ፣ እኔ በጣም የምወደው ቃል ነው። ጥንት «ምሕዋር» በሐመሩ ሐ ነበር የሚጻፈው፣ ከግእዙ «ሖረ» የወጣ ነው፣ ሄደ ማለት። «ሐዋርያ»ም ከዚሁ ሥር ነው፣ ሂያጅ፣ የተላከ። ስለዚህ ምህዋር መሄጃ ነው፣ መንገድ ነው። መቀመጫ አይደለም። «ምህዋር ላይ ተቀመጠች» ስትል ቃሉንም ሳይንሱንም ነው የምትቃረነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሰዓት ወደ 28,000 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ በ90 ደቂቃ ገደማ ምድርን አንዴ ይዞራል። ሩጫውን ቢያቆም ይወድቃል። እንዲህ ያለ ነገር ተቀመጠ ይባላል? እኔ «ምህዋሯን ያዘች» እላለሁ፣ መንገዷን ያዘች እንደምንለው። «ምህዋር ገባች»ም ይሄዳል። አንዳንድ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከኛ ሲታዩ የቆሙ ይመስላሉ የሚል ቢመጣብህ፣ እነሱም 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ነው እንጂ ቆመው አይደለም፣ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ።

እዚህ ላይ የቃል ብቻ ያልሆነ ስህተትም አለብህ። በዚያ ሙከራ ስታርሺፕ ምህዋር አልያዘችም። ታስቦም አልነበረም። ከምድር ወጥታ፣ ዙሩን ሳትጨርስ ውቅያኖስ ላይ እንድትወርድ ነበር የተላከችው። «ተቀመጠች» የሚለው ግስ ለስላሳ ስለሆነ ሳታጣራ አለፍከው። «ምህዋሯን ያዘች» ለማለት ብዕርህን ብታነሳ ኖሮ «ይዛለች እንዴ?» ብለህ ትጠይቅ ነበር። ጥሩ ግስ ጸሐፊውን ራሱን ያስጠነቅቃል፣ ይህንን ከልቤ ነው የምልህ።

«ተያዘች» ደግሞ ፖሊስ የያዛት ነው የሚመስለው። ከላይ የሚመጣን ነገር በአየር ላይ እንዳለ መያዝ በአማርኛ ስም አለው፦ መቅለብ። ሕፃን ልጅ እንኳን ኳስ ወርውረህለት «ቅለብ!» ትለዋለህ። እስቲ ያንን ምስል አስታውስ። ገፊው በእሳት ላይ ቆሞ ቀስ እያለ ወደ ማማው ሲጠጋ፣ ሁለቱ የብረት ክንዶች ሲገጥሙ፣ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ሲቀር። ማማው ቀለበው! ከዚህ የተሻለ ግስ ማንም ሊያመጣልህ አይችልም። ይህንን ቃል በዚያ ሰሞን የዜና ርዕስ ላይ ስፈልግ ነበር፣ አጥቼው ውስጤ አዘነ።

ማረፍም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዜና መጣ። የሩሲያዋ ሉና 25 ጨረቃ ላይ ተከሰከሰች፣ የሕንዷ ቻንድራያን 3 ደግሞ በደቡብ ዋልታው አካባቢ በሰላም አረፈች። በሚቀጥለው ዓመት ግን መሀል ቤት ያለ ነገር መጣ። በጃንዋሪ የጃፓኗ ስሊም፣ በፌብሯሪ የአንድ የግል ኩባንያ ንብረት የሆነችው ኦዲሲየስ ጨረቃ ላይ ወረዱ፣ አልተከሰከሱም፣ ግን ቀጥ ብለውም አልቆሙም። ብዙ ጸሐፊ ለሁለቱም «ተገለበጠች» አለ። እስቲ የሰው አካል እንዴት እንደሚወድቅ በአማርኛ አስብ። በጀርባው ከሆነ ተንጋለለ፣ በፊቱ ከሆነ ተደፋ፣ በጎኑ ከሆነ ተጋደመ። ስሊም ሞተሯን ወደ ላይ አድርጋ በአፍንጫዋ ነው የወደቀችው፣ ስለዚህ ተደፋች። ኦዲሲየስ በጎኗ ነው፣ ስለዚህ ተጋደመች። ፎቶ ሳታሳየው አንባቢህ በአንድ ቃል ያያታል። ጓደኛህ ለሳይንስ አልተሠራም ያለው ቋንቋ ይህ ነው።

የትርጉም ግስ እንዴት እንደሚያሳስት ሌላ ልንገርህ። አሜሪካውያኑ ጠፈርተኞች ቡች ዊልሞርና ሱኒ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2024 በቦይንግ መንኮራኩር በስታርላይነር ወደ ዓለም አቀፉ ጣቢያ ሄደው፣ 8 ቀን ያህል ይቆያሉ የተባሉት ሰዎች፣ የተመለሱት ማርች 18 ቀን 2025 ነው። በሌላ መንኮራኩር፣ በድራገን። «ጠፈር ላይ ተጣብቀው የቀሩት» እየተባለ ሲጻፍ አየሁ። መጣበቅ የሙጫ ሥራ ነው። ሰዎቹ ጣቢያው ውስጥ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር፣ ዊሊያምስማ ጣቢያውን ትመራ ነበር። «መመለሻቸው ዘገየ» ቢባል እውነቱም ይኸው ነው፣ አማርኛውም ያምራል።

«ጠፈርተኛ» የሚለውን ስም ግን ሳላመሰግን አላልፍም። በውጭው «አስትሮናውት» የከዋክብት ባሕርተኛ እንደማለት ነው፣ ከግሪክኛ የተሠራ። የኛ ሰው ደግሞ ባሕር ብሎ ባሕርተኛ እንዳለ ሁሉ ጠፈር ብሎ ጠፈርተኛ አለ። ማን እንደጀመረው አይታወስም፣ ግን እጁ ይባረክ።

የቴክኖሎጂ ዜናም ስለምትጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን (ኤአይ) ላንሳ፣ ብዙም አልልህ። ስሙ ለእኔ ይከብደኛል፣ ማስተዋል ልብ ማለት ነው፣ ማሽኑ ደግሞ ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጣዩን ቃል የሚገምት ነው። ሆኖም ስሙ ሥር ይዟል፣ ተጠቀምበት። ግሱ ላይ ግን እዚህም ተጠንቀቅ። የሌለ ነገር ሲጽፍ «ዋሸ» አትበል። የሚዋሽ እውነቱን ያውቃል፣ ሆን ብሎ ይሰውራል። «ቃዠ»ም የተኛ ሰው ነው። «ከራሱ ፈጠረ» በለው፣ ሲብስበት «ዘባረቀ»።

ጠፈርና ህዋን ጠይቀኸኝ ነበር። ጠፈር በኦሪት ዘፍጥረት ከላይ እንደ ጣሪያ የተዘረጋው ሰማይ ነው። ስለዚህ «ለባዶው ስፍራ ህዋ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ሁለቱም ይገባሉ፣ ሁለቱም ይጻፉ፣ በአንድ ዜና ውስጥ ብቻ አታቀያይራቸው፤ አንባቢ ሁለት የተለያየ ቦታ ይመስለዋል። ቀኑንም አስተካክል። ኦክቶበር 13 ጥቅምት 13 አይደለም። ኦክቶበር 13 ቀን 2024 በኛ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ነው። ወሩን ከኛ ዓመቱን ከነሱ አትውሰድ።

እንግዲህ እኔ ብሆን ዜናህን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የስፔስኤክስ ግዙፉ ሮኬት ጥቅምት 3 ቀን 2017 ለአምስተኛ ጊዜ መጠቀ። ገፊው ክፍል 7 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወደተነሳበት ተመለሰና ማማው በክንዶቹ ቀለበው። መንኮራኩሯ ስታርሺፕ ግን ጉዞዋን ቀጥላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወረደች።» ለጓደኛህ አንብብለትና የሚለውን ጻፍልኝ።