«አሲዳማ» ወይስ «አሲዳዊ»?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «አሲዳማ»ም «አሲዳዊ»ም ብለው ይጽፋሉ፤ ለቤዝ ደግሞ አንዱ «ቤዛማ» ሲል ሌላው «አልካላይን» ይላል። «አሲዱ በቤዙ ተገለለ» ብሎ የጻፈም አለ። የትኛውን ላርም?

መልስ፦ «-ማ» እና «-ኣዊ» ሁለቱም በአማርኛ የተለመዱ ቅጥያዎች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። «-ማ» አንድ ነገር እንደሚበዛ ወይም ጠባዩ ጎልቶ እንደሚታይ ስለሚገልጽ ተራራማ አገር፣ ድንጋያማ መሬት፣ ጨዋማ ውሃ እንላለን። «-ኣዊ» ወገንንና ዝምድናን ያመለክታል፤ ኬሚካዊ ለውጥ ስንል ለውጡ ከኬሚስትሪ ወገን ነው ማለታችን እንጂ ኬሚካል በዝቶበታል ማለታችን አይደለም። አሲድነት በመጠን የሚለካ ጠባይ ስለሆነ የሚስማማው «አሲዳማ» ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የፒኤች ልኩ (የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ) ከ7 በታች የሆነ ሙሙት፣ ማለትም አንድ ነገር የሟሟበት ፈሳሽ፣ አሲዳማ ሲሆን፣ ልኩ 5 የሆነው 6 ከሆነው ይልቅ 10 እጥፍ የሃይድሮጅን አዮን ክምችት ስላለው «ይበልጥ አሲዳማ» ይባላል፤ «ይበልጥ አሲዳዊ» ግን ጆሮን ይጎረብጣል። የግብርና ባለሙያዎችም በኖራ የሚታከመውን መሬት «አሲዳማ አፈር» ማለታቸው ትክክል ነው።

«ቤዛማ» በዚያው ሕግ የተሠራ ስለሆነ አላርመውም፤ ምንም እንኳ ለቤተ ክርስቲያን ንባብ ቅርብ የሆነ ሰው ቃሉን ሲያይ አስቀድሞ «ቤዛ» ትዝ ሊለው ቢችልም። «ቤዛዊ»ን ግን አልመክርም፤ ከላቦራቶሪ ይልቅ የስብከት ቃል ይመስላል።

«አልካላይን» የሚለውን በ«ቤዛማ» ቦታ ሁሉ መተካት ከሰዋስው ይልቅ የኬሚስትሪ ስሕተት ነው፤ አልካሊ የሚባለው በውሃ የሚሟሟ ቤዝ ብቻ ነውና። ጥቁሩን የኮፐር ኦክሳይድ ዱቄት ውሃ ውስጥ ቢጨምሩት ሳይሟሟ ከሥር ይዘቅጣል፤ ቀጠን ባለና ሞቅ ባለ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ጨምረው ቢያማስሉት ግን ጥቁሩ ዱቄት ቀስ በቀስ እየጠፋ ፈሳሹ ሰማያዊ ይሆናል፤ የተገኘውም ኮፐር ሰልፌት የተባለው ጨውና ውሃ ነው። ስለዚህ ኮፐር ኦክሳይድ ከአሲድ ጋር ጨውና ውሃ የሚሰጥ ቤዝ ነው፤ አልካሊ ግን አይደለም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሁለቱንም ስም ይሸከማል።

«ተገለለ» መታረም አለበት። በአማርኛ የሚገለለው ከማኅበር ወይም ከሥራ የሚለይ ሰው ነው፤ አሲዱ ግን ወደ ዳር አልወጣም፣ ከቤዙ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ሆነ እንጂ። «ገለልተኛ ሆነ» የሚለው ይሻላል፤ ለሃይድሮክሎሪክ አሲድና ለሶዲየም ሃይድሮክሳይድም በትክክል ይሠራል፤ በተመጣጠነ መጠን ሲገናኙ የገበታ ጨውና ውሃ ብቻ ስለሚቀር የፒኤች ልኩ 7 ይሆናል። በኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ከዚያው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በተመጣጠነ መጠን ሲገናኝ ግን የሚገኘው ጨው ሙሙቱን በትንሹ ቤዛማ ስለሚያደርገው ልኩ ከ7 በላይ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ተማሪው «ገለልተኛ ሆነ» ከሚል «አሲዱና ቤዙ ተዋሕደው ጨውና ውሃ ሰጡ» ብሎ ቢጽፍ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።