«ከሁለት ሰዓት በኋላ» ሲባል መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ጅማ መናኸሪያ ትኬት እቆርጣለሁ። በቀደም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ «የቦንጋ መኪና ከሁለት ሰዓት በኋላ ይነሳል» ብዬ ጽፌ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ። መኪናው ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል ሞልቶ ሄደ። ሦስት ሰዓት ላይ አንድ አባት ዕቃቸውን ተሸክመው መጡ። «ልጄ፣ ሁለት ሰዓት ይቆያል ብላችሁ የለም እንዴ?» አሉኝ። አጻጻፌ ስህተት ነበር? እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ወንድሜ «ጉድለቱ የአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት ቃል አለው» ይለኛል። ደግሞም መንገዱ ይህን ያህል ሰዓት «ይወስዳል» ነው «ይፈጃል» የሚባለው?

መልስ፦ የጻፉት አማርኛ ስህተት የለበትም። እኚያ አባትም አልተሳሳቱም። ችግሩ ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም መሸከሙ ነው። እርስዎ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አሰቡ። እሳቸው ደግሞ ካነበቡበት ደቂቃ ጀምረው ቆጠሩ።

«ሰዓት» በአማርኛ የቀኑን ሰዓት ይጠራል፣ የጊዜን ርዝመትም ይለካል። ወንድምዎ እንዳሉት እንግሊዝኛ ለአንዱ «ኦክሎክ»፣ ለሌላው «አወር» ይላል። ይህን ግን ጉድለት አልለውም። እንግሊዝኛም በራሱ መንገድ ያደናግራል። «ኢን ቱ አወርስ» ሲል ሥራውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረሰ ማለትም፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይመጣል ማለትም ይችላል። አማርኛ መለየቱን የሚተወው ለጎረቤት ቃላት ነው። ጎረቤቱን አይቶ የሚጽፍ ሰው አይሳሳትም።

«ላይ» ካለ የቀኑ ሰዓት ነው፤ «ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል»። «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» ከቀደመም እንደዚያው። «ያህል»፣ «ሙሉ» እና «ቆይቶ» ግን ርዝመትን ብቻ ይወዳሉ። «ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅኩ» እንላለን። «ሁለት ሰዓት ያህል ላይ መጣ» የሚል ሰው ግን አልሰማሁም። «ገደማ» ለሁለቱም ስለሚሆን አያድንም። «ሰዓታት» ብለው ካበዙት ደግሞ ርዝመት ብቻ ነው። ይህ ግን የዜና አማርኛ ነው፤ መናኸሪያ ውስጥ «ሁለት ሰዓታት» የሚል የለም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ «ሆነ» ነው። «ሁለት ሰዓት ሆነ» ካልን ሰዓቱን መናገራችን ነው። አንዲት ትንሽ ቅጥያ ስንጨምር ነገሩ ይገለበጣል። ተሳፋሪው «ሁለት ሰዓት ሆነኝ!» ካለዎት ሰዓት እየነገረዎት አይደለም፤ ተቀምጦ መሰልቸቱን ነው። «ጅማ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሆነኝ» የምንለውም በዚሁ መንገድ ነው። ጊዜው ሰውየው ላይ ተቆጠረ ማለት ነው። ይህን ያህል ነገር በአንድ «ኝ» መናገር የሚችል ቋንቋ ጎደለው ቢባል አልቀበልም።

መጠንቀቅ ያለብዎት በ«በ»፣ በ«ከ… በኋላ» እና በ«እስከ» ነው። «በሁለት ሰዓት ይደርሳል»፣ «ከሁለት ሰዓት በኋላ ይነሳል»፣ «እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል»። ሦስቱም ለሁለት ይተረጎማሉ። «ለ» ብዙ አያስቸግርም፤ ግሱ ይለየዋል። «ለሁለት ሰዓት ቀጠረኝ» የቀኑ ሰዓት ነው፣ «ለሁለት ሰዓት አስጠበቀኝ» ርዝመት። ቁጥሩ ከ12 ካለፈም ሐሳብ አይግባዎት። በእኛ አቆጣጠር ቀኑም ሌሊቱም 12 ሰዓት ስለሆነ «ከ24 ሰዓት በኋላ» የሚለውን ማንም በሌላ አይተረጉመውም። «ከ30 ደቂቃ በኋላ»ም ግልጽ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወረቀት ላይ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ይነሳል» ብለው ይጻፉ። መኪናው እስኪሞላ የሚጠብቅ ከሆነና ሰዓቱን መቁረጥ ካልቻሉ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አይነሳም፤ እንደሞላ ይሄዳል» ቢሉ ይሻላል። ርዝመቱን መናገር ከፈለጉ ደግሞ «ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይነሳል» ይበሉ። ነገር ግን ይህን በቃል እንጂ በወረቀት አልመክርም። ወረቀቱን አንዱ አንድ ሰዓት ላይ ያነበዋል፣ ሌላው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ከመቼ ጀምሮ ይቁጠር?

«ይወስዳል» እና «ይፈጃል» ሁለቱም ይባላሉ፤ አንዱን ትክክል ሌላውን ስህተት ማለት አይገባም። ስሜታቸው ግን ይለያያል። «ፈጀ» የማለቅ፣ የመበላት ነገር አለበት። «ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ» የሚል ሰው ጊዜው ቆጭቶታል። ቡና ተጋብዘው አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥተው ሲነሱ ለጋባዧ «ሁለት ሰዓት ፈጀ» ቢሏት ቅር ይላታል። «ሁለት ሰዓት ወሰደ» ግን ቆጠራ ብቻ ነው። ለመናኸሪያ ማስታወቂያ «ይወስዳል»ን እመርጣለሁ። ለቦንጋ መንገድ «ይፈጃል» የሚለውን ተሳፋሪው ራሱ ይበለው።