መልስ፦ «ደሙ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይሁን» የሚለውን ለወጣቶች እንዴት ላስተምር?

አትዝለለው። ከሆሎኮስት (የጀርመን ናዚዎች አይሁድን ከፈጁበት እልቂት) በኋላ ማቴዎስ 27፥25ን ማስተማር እንደሚከብድ ይገባኛል፤ እኔ ግን እንዲህ አደርጋለሁ።

1. መጀመሪያ «ማን ነው የተናገረው?» ብለህ ጠይቃቸው። ጲላጦስ ፊት የቆመ ሕዝብ ነው እንጂ የዓለም አይሁድ ሁሉ አይደለም። ስቅላት የሮም ቅጣት ነው፤ የፈረደውም ሮማዊው ገዢ ነው። ማርያምም፣ ሐዋርያቱም፣ ራሱ ኢየሱስም አይሁድ ነበሩ።

2. ሕዝቅኤል 18፥20ን አስነብብ፦ «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም»።

3. ታሪኩን ሳትሸፋፍን ንገራቸው። ጥቅሱ ለዘመናት አይሁድን «ክርስቶስን የገደሉ» ለማሰኘት ሲጠቀስ ኖሯል። ናዚዎች 6 ሚሊዮን ያህል አይሁድን የፈጁት በዘር ጥላቻ ነው፤ ግን ያ የቆየ ስብከት መንገዱን አለስልሶላቸዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965፣ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ የክርስቶስ ሞት በያኔዎቹ አይሁድ ሁሉ ላይም ሆነ በዛሬዎቹ ላይ ሊላከክ አይችልም አለች። (ዘግይታለች፣ አዎ።)

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ ፈርቼ ዘለልኩት። በሳምንቱ አንዱ ልጅ «እርግማኑ ነው የደረሰባቸው» የሚል ስብከት ዩቲዩብ ላይ ሰምቶ መጣ። ያንን ከጭንቅላቱ ለማውጣት ሁለት ወር ፈጀብኝ።